ጅቡ ምን በላ?

ልጅ ሳለሁ፣ እኛ ቤት ጅብ አህያ በልቶ አያውቅም ነበር። የጎረቤቶቻችን ልጆች በየማታው የሚሰሙት ጅብ አህያ ይዘነጥላል፣ ፍየል አንቆ ይሄዳል፤ የእኛው ጅብ ግን ደጃፍ ድረስ ይመጣና አንዲት ደግ ቃል ሰምቶ፣ አፍሮ፣ ጅራቱን ቆልፎ ይመለሳል። ተረቱን የሚነግረን አባቴ ነበር። የአባቴ ተረት ክፉ መጨረሻ አልነበረውም፤ እንዲኖረውም አይፈቅድም ነበር።

ይህን የነገርኋቸው ሰዎች ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ አባት ነው!» ይሉኛል። ደግስ ነበር። እኔ ግን ያን ተረት ባሰብሁት ቁጥር ዛሬም ድረስ ደሜ ይፈላል።

ያኔ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ባላት የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ይሠራ ነበርና እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው፤ ቢታጠበው አይለቅ፣ ቢፈትገው አይለቅ። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ እናቴ ኩራዝ ታበራለች፤ ለትንኙ ብላ ኩበት በገል ላይ ታጨሳለች፤ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበ፣ ከወዲያ የሐይቁ እንቁራሪቶች እየጮሁ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ አንዱዓለም የአባታችንን ጉልበት ግራና ቀኝ ይዘን እንቀመጣለን። እሱም ሰማያዊ እጁን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ «ላምባው ሳያልቅ ልጀምር?» ይለናል። «ጀምር!» እንላለን።

የቤታችን ሕግ ከተረቱ ጋር አንድ ነበር። ክፉ ቃል ከአፋችን ከወጣ አባቴ «ቃልሽን መልሺ» ይለኛል፤ እኔም የተናገርሁትን በበጎ ለውጬ እንደገና እናገራለሁ። ራበኝ ካልሁ «እጠግባለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። ፈራሁ ካልሁ «ደፋር ነኝ» ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ከቀበሌ ሱቅ ባዶ ከረጢት ይዤ ገባሁና «ስኳር አልቋል አሉን» አልሁ።

«አልቋል አይባልም» አለ አባቴ። «ይመጣል ነው የሚባል። ቃልሽን መልሺ።»

«ይመጣል» አልሁ።

አንዱዓለም ጥቁር ሻዩን እያማሰለ «እስቲ አቀብሉኝ ይመጣልን፣ ሁለት ማንኪያ ልጨምርበት» አለ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። አባቴም ሊቆጣ ፈልጎ ሳቀ።

እናቴ ተረት አትነግርም ነበር። ከሐይቁ ዳር ቆረሶ የሚባለውን ዓሣ ትገዛለች፣ ትገፍፋለች፣ ትጠብሳለች፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች ትሸጣለች፤ አባቴ ሲተርክ እሷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የነገውን ዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። የዚያ የቢላዋ ድምፅ፣ ሸክ ሸክ የሚለው፣ ከየተረቱ በታች ይሰማ ነበር። ያኔ እናቴ ተረት የማታውቅ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዘመን ልጆች ለውትድርና ይታፈሱ ነበር። ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ይያዛሉ። ከግቢያችን አጥር ወዲያ የሚኖሩት የእማማ ጥሩየ ልጅ ደብተሩን እንደያዘ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተወሰደ፤ እማማ ጥሩየ መንገዱ ላይ ተደፍተው ሲጮኹ አባቴ መስኮታችንን ዘጋው። «ምን ሆነው ነው?» አልሁት። «ልጃቸው ሊጎበኝ ሄዶ ነው፤ ይመለሳል» አለኝ። አንዱዓለም አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ግን ከአባቴ አልፎ ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ካሴ የዘጌ ሰው ነበሩ። በየጊዜው በታንኳ እንጨት ጭነው ባሕር ዳር ያመጣሉ፤ እንጨቱን ሲሸጡ እኛ ዘንድ ያድራሉ። የሚያድሩት ስለ ድካማቸው አይደለም፣ ስለ ታንኳዋ ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ ትጠጣለች፤ አንድ ጉዞ ከሄደች በኋላ ተጎትታ ወጥታ፣ ግንድ ላይ ተደግፋ፣ ፀሐይ ካልሞቀች ሸክም አትችልም። ስለዚህ አያ ካሴ ታንኳቸውን ዳር ላይ ካለችው ዋርካ አስደግፈው፣ እስክትደርቅ ሁለት ሌሊት የእኛ እንግዳ ይሆናሉ።

የእማማ ጥሩየ ልጅ በተወሰደ ሰሞን መጡ። ራት ተበልቶ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁን ስጡኝ» አሉ። «ታንኳዬ ስትደርቅ ይዤው ልሂድ። የዘጌ ጫካ ልጅ መደበቂያ አያጣም። ስሙ ሳይጻፍ፣ ማንም ሳይጠይቅ ይሂድ።»

አባቴ ፈገግ አለ። «አያ ካሴ፣ ልጄ ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው? ተማሪ ነው። ተማሪ አይወስዱም።»

«ያን የጎረቤታችሁን ልጅ ከትምህርት ቤት ደጅ አይደል የወሰዱት?»

«በቤቴ ክፉ አይናገሩ። ቃልዎን ይመልሱ።»

«ቃሌንማ እመልሳለሁ» አሉ አያ ካሴ። «ልጁን ማን ይመልሰዋል?»

የእናቴ ቢላዋ ቆመ። «አንተ የአንዱዓለም አባት» አለችው፣ «እሺ በላቸው። እባክህ እሺ በላቸው።»

«በጎ አስቢ» አላት። «በጎ ያሰበ በጎ ያገኛል።»

«በጎ ሐሳብህን ውሃው ላይ አንጥፈውና ልጄን በሱ ላይ አሻግርልኝ እንግዲህ!»

እናቴ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። አንዱዓለም መሬት መሬት ያይ ነበር። ሂድ ቢሉት ይሄድ ነበር፤ ቅር ቢሉት ቀረ። አያ ካሴ ታንኳቸው ስትደርቅ ብቻቸውን ተመለሱ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን አንድ የአብዮት ጥበቃ ታጣቂ በራችን ላይ ቆሞ፣ አንዱዓለም ሰኞ ጧት ቀበሌ እንዲቀርብ ነግሮን ሄደ። አባቴ ቀኑን ሙሉ «ለምርመራ ነው፤ ዓይኑን አይተው ይመልሱታል፤ ከልጅነቱ ዓይኑ ደካማ ነው» እያለ ዋለ። ለኛ ይናገራል፣ ለዓሣው ደንበኞች ይናገራል፣ ለራሱ ይናገራል። ቅዳሜ ቀትር ላይ አያ ካሴ እንጨታቸውን ይዘው መጡ። የልጁን ነገር ዳግመኛ አላነሡም። ታንኳቸውን ዋርካዋ ላይ አስደግፈው፣ እቤት መጥተው፣ ራታቸውን በልተው ተጋደሙ።

የዚያን ማታውን ተረት ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ጅብ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ውርንጭላዋ ሳትፈራ «ጌታዬ፣ እንደምን አመሹ፤ መንገድ ደክሞዎት ይሆናል» አለችው። ጅቡም እንዲህ ያለ ደግ ሰላምታ ሰምቶ ስለማያውቅ ዕንባው መጣ፣ አፈረ፣ ዞሮ ሄደ።

አንዱዓለም ጉልበቱን አቅፎ «አባዬ» አለ። «የዚያን ለት ማታ ጅቡ ምን በላ?»

«እንዴት ምን በላ?»

«ርቦት አይደል የመጣ? አፍሮ ሄደ። እሺ። ምን በላ ታዲያ?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ሣር በላ» አለ።

እኔ በሳቅ ተንፈራፈርሁ። ጅብ ሣር ሲግጥ ታየኝ። አንዱዓለምም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ጥግ ላይ ቢላዋው ሸክ ሸክ ይል ነበር።

በማግሥቱ አባቴ የጧት ፈረቃ ነበረው። ጎሕ ሳይቀድ ወጣ። የአጥሩ በር እንደተዘጋ እናቴ ተነሥታ አንዱዓለምን ቀሰቀሰችው፤ ሰው ቢያየን ዓሣ ልንገዛ የምንሄድ እንዲመስል ቅርጫቱን ለኔ አሸከመችኝ። አያ ካሴ ቀድመውን ሄደው ነበር። ሐይቁ እንደ ተወለወለ ሰሐን ተኝቷል፤ ከቀትር በኋላ ነው የሚቆጣው። አያ ካሴ የታንኳዋን ሆድ በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው «ገና ናት፤ ውሃዋን አልተፋችም» አሉ።

«ትችላለች ወይስ አትችልም፣ አያ?» አለች እናቴ።

«ሁለት ሰው ትችል ይሆናል። ሌላ ሸክም አትችልም።» የዘጌ ሰዎች ያዘዟቸው ጨውና እህል እዚያው ዳር ላይ ነበር፤ በእግራቸው ገፋ አድርገው ተዉት።

አንዱዓለም «አባዬ ይቆጣል» አለ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እማዬ፣ ፈራሁ።»

ቃልህን መልስ እንድትለው ጠበቅሁ። ትልቅ ልጅ ሆኖ ፈራሁ ማለቱ አሳፍሮኝ ነበር። እናቴ ግን ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ «ያስፈራል» አለችው። «አሁን ስማኝ። ውሃ ይገባል፤ እግርህ ይርሳል፤ ሲገባ ብድግ እንዳትል። ቁጭ ብለህ በቅሉ ቅዳና ድፋ። ጉማሬ ካያችሁ ዝም በሉ፣ መቅዘፊያውን አንሡ። ብትገለበጡ ታንኳዋን አትልቀቅ፤ ደንገል ቢጠጣም አይሰጥምም፤ ሰው እስኪመጣ በሱ ላይ ተንጠልጠል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ንገረኝ እስቲ።»

ነገራት። ቅሉንም፣ ጉማሬውንም፣ አለመልቀቁንም አንድ በአንድ ነገራት፤ እየነገራት ሳለ ከንፈሩ መንቀጥቀጡን ተወ። ያን በዓይኔ አየሁ። ከዚያም ታንኳዋ ውሃ ላይ አረፈች፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዝቅ ብላ፣ ጠርዟ ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ፣ ሁለቱ ሰዎች ሐይቁ ላይ በቀጥታ የተቀመጡ እስኪመስሉ ድረስ። እናቴ ነጥብ እስኪሆኑ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ቅርጫቱን ሙሉ ዓሣ ገዛች፤ ሥራ ነውና።

አባቴ ከፈረቃው ሲመለስ «ልጄን አሻገርሁት» አለችው።

ፊቱ ከእጁ የባሰ ሰማያዊ ሆነ። «ምን አደረግሽ! አሁን ይፈጁናል! ሁላችንንም ይፈጁናል!»

እናቴ ቀና ብላ አየችውና በጣም በዝግታ «ቃልህን መልስ» አለችው።

አልመለሰም።

ማክሰኞ ዕለት ሁለት ታጣቂዎች መጡ። ልጁ የት ነው አሉ። አባቴ መሬት መሬት እያየ «ይመጣል» አለ። የስኳሩ «ይመጣል» ነበር፤ ያው ድምፅ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቀና «እንጠብቀዋ!» ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ግን እጇን በመቀነቷ ጠረገችና «አትልፉ፤ አይመጣም» አለች። «የላክሁት እኔ ነኝ። እሱ ፋብሪካ ነበር፣ አያውቅም። የት እንደሆነም አልነግራችሁም።» እሷን ወሰዷት። የዓሣው ዘይት ምድጃው ላይ እየተንጨረጨረ ነበር፤ አባቴ ከእሳቱ አወረደው፤ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

የዚያን ማታ ኩራዙን ያበራው እሱ ነበር፤ ክሩን አርዝሞት ጥቀርሻው ጣሪያውን ያጠቁራል። ከጥጉ የቢላዋ ድምፅ የለም። ከልማድ የተነሣ መሰለኝ፣ እጁን ዘርግቶ «ላምባው ሳያልቅ ልጀምር?» አለኝ። ጀምር አላልሁትም፤ እሱ ግን ጀመረ። አህያዋ፣ ውርንጭላዋ፣ በሩ፣ ጅቡ። ጅቡ አንኳኳ በሚለው ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ለቅቄ ቆምሁ።

«አባዬ፣ ጅቡ ምን በላ?»

እጁን ዘርግቶ የኩራዙን ክር ዝቅ አደረገ።

«ሣር አትበለኝ! ምን በላ?»

የቆምሁበት ቦታ እስካሁን ይታየኛል፤ ከኩበቱ ገል አጠገብ፣ ጭሱ ከኔና ከሱ መካከል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁትም የምወደውን ሰው ነበር። አባቴ ሰማያዊ እጁን ፊቱ ላይ አደረገና «አህያዋን» አለ። «አህያዋን በላት።»

ከዚያ ተነሣ። የቀረውን ዓሣና እንጀራ በጨርቅ ቋጠረ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣ እጄን ይዞኝ ወጣ። ቀበሌው አጥር ሥር፣ እናቴ ከታሠረችበት ክፍል ግድግዳ አጠገብ ተቀመጥን። ዘበኛው ተሳደበ፤ አባቴ አልመለሰለትም፣ አልተነሣምም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፈረቃው እንደወጣ እዚያ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ቀን ምግቡን ይቀበሉታል፣ አንዳንዱ ቀን ይደፉበታል። ሠፈሩ ሁሉ ያየዋል። ያ መስኮት የሚዘጋ ሰው እዚያ፣ በሰው ፊት፣ ቋጠሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። «ትመጣለች» ሲል ግን አልሰማሁትም። «ነገም እንሄዳለን» ነበር የሚለኝ።

እናቴ ክረምቱ ሳይገባ ተለቀቀች። በግራ ጆሮዋ ላይ ስለመቷት በዚያ በኩል መስማት ተስኗት ቀረ። በኋላ ነገሩ እየከረመ ሲሄድ ትቀልድበት ነበር፤ የአባቴ ወሬ ሲያስጠላት ግራ ጆሮዋን አዙራ «ንገረኝ፣ እየሰማሁህ ነው» ትለዋለች።

እኔ አልቀለድሁበትም። ዛሬም አልቀልድበትም። አያ ካሴ መጀመሪያ ሲለምኑት አባቴ እሺ ቢል ኖሮ፣ ስሙ ሳይጻፍ፣ ታንኳዋ ደርቃ፣ ልጁ ይሄድ ነበር፤ ማንም አይጠይቅም፣ እናቴንም የሚመታት አይኖርም ነበር። በጎ አሰበ፤ የሰማያዊ እጁ ባለቤት በጎ ሲያስብ ዋለ፤ ዋጋውን የከፈለችው ዓሣ ስትፍቅ የኖረችው ሴት ናት።

አድጌ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ለምን እንደዚያ አሳደግኸን አልሁት። «ልጅ የሰማውን ይናገራል» አለኝ። «ስኳር የለም ብለሽ ትምህርት ቤት ብትናገሪ፣ አባቴ እንዲህ አለ ብትይ፣ ያኔ ሰው በዚያ ይጠፋ ነበር። አፋችሁን ልዘጋው ብል ትጠይቁኛላችሁ። በበጎ ቃል ሞላሁት። ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቁጣዬ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። ባሰበት። አሁን የምቆጣው በሱ ብቻ አይደለም፤ አንድ አባት ፍርሃቱን ተስፋ ብሎ ለልጆቹ እንዲያጎርስ ባደረገው ዘመን ነው። ተስፋን ያህል ነገር አርክሰው የዝም በል ሌላ ስም አደረጉት።

አንዱዓለም ከዘጌ ጫካ የወጣው ልጅነቱም ትምህርቱም ካለፈ በኋላ ነው። በሒሳብ ከክፍሉ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ዛሬ ሐይቁ ዳር ጣውላ ይሰነጥቃል። እንደ ድሮው ይቀልዳል። «ጅቡ ደብተሬን በላ፤ እኔን ግን አላገኘኝም» ይላል። እሱ ይስቃል። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁ እኔ፣ ባለፈው ሰሞን ምን አደረግሁ? ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከተማው ጭር ባለበት ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማ፣ መንገድ ላይ ተኩስ ሰማሁ፣ ፈራሁ» አለችኝ። እኔም ድስቴን እያማሰልሁ፣ ዞር እንኳ ሳልል፣ «ፈራሁ አይባልም፤ ጎበዝ ነኝ ነው የሚባል» አልኋት። ልጄም እሺ ብላ «ጎበዝ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የስኳሩ ድምፅ ነበር። ማማሰያውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። የአባቴ ምላስ አፌ ውስጥ ነበረ፤ አርባ ዓመት ስቆጣበት የኖርሁት ምላስ።

ያን ማታ ሳህኑ ከታጠበ በኋላ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ተረት ልንገርሽ አልኋት። ተገረመች፤ እኔም እንደ እናቴ ተረት የማላውቅ ይመስላት ነበር። አህያዋን ነገርኋት፣ ውርንጭላዋን ነገርኋት። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ክንዴን ያዘችኝ።

«እና በላት?»

«አህያዋን በላት» አልኋት። «ውርንጭላዋ ግን አመለጠች።»

«እንዴት አድርጋ?»

እንዴት አድርጋ። በልጅነቴ ማንም ያልነገረኝ ይህን ነው፤ እናቴም በተረት አልነገረችኝም፣ ጎሕ ሲቀድ በሐይቁ ዳር ቆማ አሳየችኝ እንጂ። ልጄን እጇን ይዤ ወደ ጓሮ በር ወሰድኋት። ዛሬም ጎረቤታችን የሆነው የእማማ ጥሩየ የልጅ ልጅ ግቢ በየት በኩል እንደሚደረስ፣ ተኩስ ከተሰማ ከየትኛው ግድግዳ ሥር ጋደም እንደሚባል፣ ስልክ ባይሠራ ማን ዘንድ እንደምትጠብቀኝ ነገርኋት። ከዚያ ንገሪኝ እስቲ አልኋት። አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስትጨርስ «አሁንም ትንሽ ፈርቻለሁ» አለች፣ እንዳልቆጣት ፊቴን እያየች።

«እኔም» አልኋት።

የበሩን መወርወሪያ ልትከፍት ብትጎትት እምቢ አላት። ዝጓል። ስንት ዓመት አልተከፈተም። ከወጥ ቤት ዘይት አመጣሁና እሷ መብራቱን ይዛልኝ፣ ብረቱ ለእጇ ታዝዞ ወዲያና ወዲህ እስኪል ድረስ ሁለታችን ቀባነው።